ሁሉን ትቶ ሄደ ሲባል የተተወው የማን ነው?

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለ ሚሲዮናውያን ሕይወት በተማርን ቁጥር ከሌላው ቃል ሁሉ ይልቅ ተደጋግሞ የምንሰማው «ሁሉን ትቶ ሄደ» የሚለው ነው። አገሩን ትቶ፣ ዘመዶቹን ትቶ፣ ደህና ኑሮውን ትቶ ቋንቋውን ወደማያውቀው ሕዝብ ሄደ ይባላል፤ እኛም ሰምተን እናደንቃለን፤ ማድነቃችንም የተገባ ነው። ነገር ግን ውድ አንባቢ፣ ባለ ትዳር የሆነ ሰው ሁሉን ተወ ሲባል ከተተወው ውስጥ የእርሱ ድርሻ ምን ያህል ነው? የሚስቱስ? የልጆቹስ? አንድ ሰው የራሱን ሕይወት ለእግዚአብሔር ሥራ ማቅረብ እንደሚችል ማንም አይክድም። የሌላውን ሰው ሕይወት ግን በራሱ መሥዋዕት ላይ ጨምሮ ማቅረብ ይችላልን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የምሞክረው ይህንን ነው።

ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም። ከመካከላችን ስለ አገልግሎት የሚያስቡ አሉ፤ ስለ ትዳር የሚያስቡም አሉ፤ ሁለቱን ባንድነት የሚያስቡት ደግሞ ሳይበዙ አይቀሩም። ዛሬ ሚሲዮናዊ ማለት ከባሕር ማዶ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ከአገራችን አብያተ ክርስቲያናትም ወደ ሌላ አገር የተላኩ አሉ። ስለዚህ ነገሩ ነገ የእኛኑ ቤት ደጃፍ ማንኳኳቱ አይቀርም።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ በደፈናው ከተከራከሩበት ጭቅጭቅ እንጂ ፍሬ አይገኝበትም። ስለዚህ አንድ የታወቀ ሰው ልውሰድ፤ ይኸውም ዊልያም ኬሪ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ኬሪ በ1761 በእንግሊዝ አገር በኖርዛምፕተንሸር የተወለደ ድሃ ጫማ ሰፊ ነበር። ቆዳ እየሰፋ ላቲን፣ ግሪክና ዕብራይስጥ አጠና፤ በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ የዓለምን ካርታ ሰቅሎ ወንጌል ስላልሰሙ ሕዝቦች ያስብ ነበር። በ1792 ጥቂት ሰዎች ኬተሪንግ በምትባል ከተማ ተሰብስበው የባፕቲስት ሚሲዮን ማኅበርን ሲመሠርቱ ያዋጡት ገንዘብ 13 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። ከዚህች ጥቂት ገንዘብ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ወጣ ብዙዎቻችን ተምረናል። በ1801 አዲስ ኪዳን በቤንጋሊ ቋንቋ ታተመ፤ በ1809 መላው መጽሐፍ ቅዱስ ተከተለ፤ በ1818 የሴራምፖር ኮሌጅ ተመሠረተ። ኬሪና ባልደረቦቹ ቅዱሳት መጻሕፍትን በሙሉም ሆነ በከፊል ወደ አርባ ገደማ በሚሆኑ ቋንቋዎች አወጡ። ይህን ሁሉ ያደረገው ሰው በ1834 እስኪሞት ድረስ ወደ ተወለደበት አገር አንድ ጊዜ እንኳ አልተመለሰም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም ይነግረናል። ሚስቱን ዶሮቲን በሚመለከት ግን ታሪኩ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ «ሚስቱ ታማሚ ነበረች» ይባልና ወደ ትርጉም ሥራው ይታለፋል። እኔ እዚያ መስመር ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ።

ዶሮቲ ፕላኬት ኬሪን ያገባችው በ1781 ነው። እርሱ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ እርሷ ግን በዕድሜ ትበልጠዋለች። በጋብቻው መዝገብ ላይ ስሟን መጻፍ ስላልቻለች በመስቀል ምልክት ፈረመች። የጫማ ሰፊ ሚስት ልትሆን እሺ አለች እንጂ ስለ ሕንድ አገር በዚያ ቀን ማንም ያነሳላት አልነበረም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ባሏ «ወደ ቤንጋል እንሄዳለን» ባላት ጊዜ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯት፤ ሁለት ሴቶች ልጆቿን በሕፃንነታቸው ቀብራለች፤ ደግሞም ነፍሰ ጡር ነበረች። «አልሄድም» አለች። በእኔ አስተያየት ይህ መልስ የእምነት ማነስ አልነበረም። ከተወለደችበት አካባቢ እምብዛም ርቃ የማታውቅ፣ የምትወልድበት ቀን የቀረበባት ሴት ሌላ ምን ልትል ትችል ነበር?

ኬሪም ከእርሷ ተለይቶ የሰባት ዓመት ልጁን ፊሊክስን ብቻ ይዞ በ1793 በሚያዝያ መርከብ ላይ ወጣ። ነገር ግን ከምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ፈቃድ አልነበራቸውም፤ ባልደረባው ሐኪሙ ጆን ቶማስም ባለዕዳዎች ይፈልጉት ነበርና ሳይነሱ ከመርከቡ እንዲወርዱ ተደረገ። በዚህ መካከል ዶሮቲ ወለደች። ሌላ መርከብ በተገኘ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ሌሊቱን ተጉዘው በማለዳ ቤቷ ደረሱ፤ አብረው ቁርስ በሉ፤ እንድትሄድ ለመኗት፤ አሁንም እምቢ አለች። ተሰናብተዋት ሲሄዱ ግን ቶማስ ከመንገድ ተመልሶ ብቻውን ገባ። አሁን ካልሄደች ቤተሰቧ ለዘላለም እንደሚበታተን፣ እርሷም ዕድሜዋን ሙሉ እንደምትጸጸት ነገራት። ይህ ቃል አስፈራት፤ እህቷ አብራት እንድትሄድ ብቻ ጠይቃ እሺ አለች። በሰኔ 13 ቀን 1793 የአንድ ወር ሕፃን ታቅፋ በዴንማርክ መርከብ ተሳፈረች፤ ካልካታ የደረሱት በኅዳር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። የያዙት ገንዘብ አለቀ፤ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ተንከራተቱ፤ ነብር ከሚመላለስበት ረግረግ አገር ሰፈሩ፤ ዶሮቲ በተቅማጥ በሽታ ተሠቃየች። ለመሄድ ሁኔታ ያደረገቻት እህቷ እዚያው ባል አግብታ ቀረች። በ1794 ኬሪ የኢንዲጎ ቀለም በሚሠራበት በሙድናባቲ የአምስት ዓመት ልጃቸው ፒተር ሞተ፤ ለሕፃኑ መቃብር የሚቆፍር ሰው ለማግኘት እንኳ ተቸገሩ። በተከታዩ ዓመት የዶሮቲ አእምሮ ታወከ። ባሏ ከሌሎች ሴቶች ጋር እንደሚሄድ አምና በየመንገዱ እየተከተለች ትሰድበው ጀመር፤ ሕይወቱንም ልታጠፋ የሞከረችበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ በክፍል ውስጥ ተዘግቶባት በታኅሣሥ 1807 እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ኖረች። በአንዱ ክፍል የእርሷ ጩኸት ይሰማል፤ በሚቀጥለው ክፍል ኬሪ ይተረጉማል።

እዚህ ላይ ለኬሪ ፍርድ መስጠት ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም እጠራጠረዋለሁ። በዚያ ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ምን ዓይነት ስፍራ ይጣሉ እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ ኬሪ ሚስቱን ከቤቱ አውጥቶ እንዳልጣላት ማስታወስ አለበት። በአደባባይ እየሰደበችው ታግሧታል። ሕመሟም ከጉዞው ብቻ መጣ ለማለት ማንም ሐኪም አይደፍርም፤ በአገሯ ብትቆይስ አይታመሟትም ነበር ወይ ቢባል መልስ የለንም። ደግሞም ስለ እርሷ የምናነበው ሁሉ ሌሎች የጻፉት ነው፤ በመስቀል ምልክት የፈረመችው ሴት የራሷን ቃል አልጻፈችልንም።

በ1800 በታኅሣሥ 28 ቀን የሆነውን ግን ሳስብ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በዚያ ቀን ከሰባት ዓመት ድካም በኋላ የመጀመሪያው ቤንጋላዊ አማኝ፣ አናጢው ክሪሽና ፓል፣ በሴራምፖር በሁግሊ ወንዝ ተጠመቀ። የኬሪ ልጅ ፊሊክስም አብሮ ተጠመቀ። ሚሲዮናውያኑ በወንዙ ዳር ሲዘምሩ ያ ዶሮቲን ያግባባት ጆን ቶማስ ከደስታው ብዛት አእምሮውን ስቶ በአንድ ክፍል ተዘግቶበት ይጮህ ነበር፤ ዶሮቲም በሌላው ክፍል ተዘግቶባት ትጮህ ነበር። የልጇን ጥምቀት አላየችም። ስለዚያ ቀን ስንናገር ወንዙን ብቻ እናስባለን፤ ቤቱም ግን የዚያው ቀን ታሪክ ነው።

በክፍላችን ይህን ነገር ባነሳን ጊዜ አንድ ወንድም የአብርሃምን ምሳሌ ጠቀሰ፤ አብርሃምም የገዛ ሕይወቱን ሳይሆን የልጁን ነው ያቀረበው አለ። ጥሩ ክርክር ነው። ነገር ግን ምዕራፉን እስከ መጨረሻው እናንብብ፤ በዘፍጥረት 22 እጁን የያዘው ያው የጠራው ነው፤ ይስሐቅም ከአባቱ ጋር ወደ ቤቱ ተመልሷል። ለአምስት ዓመቱ ለፒተር በግ አልቀረበለትም። አንዲት እህት ደግሞ «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ይባል የለም ወይ፣ ሁለቱ አንድ ሥጋ ከሆኑ የእርሱ ጥሪ የእርሷም ነው አለች። ይህስ እውነት ነው፤ ግን እውነትነቱ በሁለቱም አቅጣጫ ነው። አንድ ሥጋ ከሆኑ የእርሷ «አልሄድም» ማለት የእርሱም «አልሄድም» የማይሆንበት ምክንያት ምንድር ነው? አንድነቱ ሁልጊዜ ወደ ባልየው ፈቃድ ብቻ የሚያዘነብል ከሆነ አንድነት መባሉ ይቅር።

ጌታ ስለ እርሱ ሚስትንና ልጆችን ስለ መተው በሉቃስ 14 የተናገረው ቃል ከባድ ነው፤ አቃልዬ ልተረጉመው አልሻም። ግን ያው ጌታ በማርቆስ 7 ለወላጆቻቸው የሚገባውን ርዳታ «ለእግዚአብሔር ቁርባን ሆኗል» ብለው የሚከለክሉትን ሰዎች በብርቱ ገሥጿል። የእነዚያ ሰዎች ጥፋት ለእግዚአብሔር መስጠታቸው አልነበረም፤ የሌላ ሰው ድርሻ የሆነውን መስጠታቸው ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም ያገባ ሰው ሚስቱን እንዴት ደስ እንደሚያሰኛት እንደሚያስብ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ሲጽፍ ይህን እንደ ኃጢአት አልቆጠረበትም፤ እንደ ዕዳ ነው የቆጠረበት።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለጥያቄዬ መልስ ያገኘሁት ከኬሪ ከራሱ ሕይወት ነው።

በ1799 ኬሪ ከካልካታ ሲመለስ በወንዝ ዳር ሰዎች ተሰብስበው አየ። ባል ሞቶ ሚስቲቱን ከሬሳው ጋር በሕይወቷ ሊያቃጥሉ ነበር፤ ይህ ልማድ ሳቲ ይባል ነበር። ኬሪ ቀርቦ በፈቃዷ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ በፈቃዷ ነው አሉት። ሴቲቱን ራሷን አነጋገራት፤ ሕይወቷን እንዳታጠፋ ለመናት፤ እርሷ ግን እጇን ዘርግታ በክምሩ ላይ ጨፈረች፤ ከዚያም ከሬሳው አጠገብ ተኛች። እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ግን ሁለት የቀርከሃ እንጨቶች በላይዋ አጋድመው ጫኑባት። ኬሪ ይህን ሲያይ ነፍስ መግደል ነው ብሎ ጮኸ፤ እንድትነሳ ከፈለገች እንዳትነሳ የሚያደርጋት ያ ቀርከሃ ነውና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል ልማዱ እንዲቀር ታገለ። በ1829 የሚከለክለው ሕግ ወጥቶ ወደ ቤንጋሊ እንዲተረጉመው ሲላክለት ቀኑ እሑድ ነበር፤ ኬሪ ስብከቱን ለሌላ ሰው ትቶ፣ በመዘግየቱ አንዲት ሴት እንኳ እንዳትሞት ብሎ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ተረጎመው።

እንግዲህ አስተውሉ። ሴቲቱ በአፏ «እሺ» ብላ ነበር፤ ኬሪ ግን ያን እሺታ እንደ እሺታ አልቆጠረውም። ዘመዶቿ ሁሉ ቆመው እየጠበቁ፣ እምቢ ብትል ዕድሜዋን ሙሉ እንደምትዋረድ እያወቀች የተናገረችው ቃል ነጻ ቃል እንዳልሆነ ገባው። የእንግሊዝ አገሩ የቁርስ ገበታና የቤንጋሉ የእንጨት ክምር አንድ ናቸው አልልም፤ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ያጋንናል። በዶሮቲ ላይ ማንም ቀርከሃ አልጫነባትም። ነገር ግን ቤተሰብሽ ይበተናል፣ ዕድሜሽን ሙሉ ትጸጸቻለሽ የሚል ቃል በአራስ ሴት ላይ ሲጫን ምንም ክብደት የለውም ማለት እንችላለንን? ኬሪ በማያውቃት ሴት ላይ ያየውን ነገር በገዛ ቤቱ አላየውም። አባቶቻችን «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ያሉት ክፉ ሰውን ብቻ አይመስለኝም፤ ደግ ሰውም በጣም የተጣደፈ ጊዜ የሌላው ቁስል አይታየውም።

ከዶሮቲ ጋር ሳነጻጽራት የምትታየኝ ሌላ ሴት አለች፤ ታሪኳም የአገራችንን ዳር ይነካል። በ1839 አንኮበር ገብቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ የቆየውን ጀርመናዊውን ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍን ብዙዎች ያውቁታል። በ1842 በእስክንድርያ ሮዚን ዲትሪኽ የምትባለዋን ከባዝል የመጣች ሴት አግብቶ ወደ ሸዋ ሊመለስ ቢሞክር በሩ ተዘጋበት። በምጽዋ በኩል ሲሞክሩ ሮዚን በሾሆዎች በረሃ ቀኗ ሳይደርስ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኒቱም ወዲያው ሞተች። ክራፕፍ በአማርኛ ስም አወጣላት፤ «እንባ» አላት። በ1844 ሞምባሳ ደረሱ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ሮዚን ሌላ ሴት ልጅ ወልዳ በትኩሳት ሞተች፤ ሕፃኒቱም ተከተለቻት። ሮዚን ከመሞቷ በፊት የለመነችው፣ የሚያልፉ የአገሩ ሰዎች መቃብሯን እያዩ የመጣችበትን ነገር እንዲያስቡ ከደሴቱ ማዶ በየብስ እንድትቀበር ነበር። እንደ ቃሏም ተደረገ።

የሮዚን ሞት ከዶሮቲ ሞት አይቀልም። የወለደቻቸው ሁለት ሕፃናት በሁለት ዓመት ውስጥ ሞተዋል። ሆኖም መቃብሯ የራሷ ስጦታ ነው፤ የት እንደሚሆን የመረጠችው እርሷ ናት። የሮዚንን ታሪክ ሳነብ አዝናለሁ፤ የዶሮቲን ሳነብ ደግሞ አንድ ሰው ይቅርታ ሊጠይቃት ይገባ ነበር የሚል ስሜት ያድርብኛል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እርግጥ የሮዚንንም ልመና የነገረን ባሏ ነው ብሎ የሚጠራጠር ይኖራል፤ መጠራጠሩን አልከለክልም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ጥፋቱን በኬሪ ላይ ብቻ የምንጭን ከሆነ የላኩትን ሰዎች ነጻ እናወጣለን። ከኬተሪንግ ሰዎች አንዱ የነበረው አንድሩ ፉለር ነገሩን ኬሪ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ የሚወርድ፣ እነርሱ ደግሞ በላይ ሆነው ገመዱን የሚይዙለት አድርጎ ገልጾት ነበር። ግሩም ምሳሌ ነው፤ በየጉባኤውም ሲጠቀስ ይኖራል። ነገር ግን በዚያ ገመድ ላይ የታሰሩት ስድስት ነፍስ ነበሩ፤ ከስድስቱ አንዷ አልወርድም ብላለች፤ አራቱ ደግሞ ምንም የማይጠየቁ ልጆች ናቸው። በሴራምፖርም እነዚያን ልጆች መልክ ያስያዙት አባታቸው ሳይሆን ወይዘሮ ሐና ማርሽማንና ማተሚያ ቤቱን ይመራ የነበረው ዊልያም ዋርድ ነበሩ። እነዚህን ሁለት ሰዎች በስብከት ስማቸው ሲጠራ አልሰማሁም፤ ሊጠራ ይገባው ነበር።

እንግዲህ ስለ ራሳችን ስናስብ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ባለ ትዳር አገልጋይ ልትልክ ባሰበች ጊዜ አንድ ቀላል ነገር ብታደርግ ደስ ይለኛል። ባልየውን በጉባኤ ፊት ትጠይቀው፤ ሚስቲቱን ግን ባሏም ሽማግሌዎቹም በሌሉበት፣ የምታምናቸው ሁለት እናቶች ለብቻዋ ይጠይቋት። አልሄድም ካለች ጉዞው ይቆይ፤ ምክንያቷም ለባሏ ሳይቀር አይነገር፤ «ኮሚቴው ጊዜው ገና ነው ብሏል» ይባል። ባልየውም ሴቶች ለአገልግሎት በተጠሩ ጊዜ በዚሁ መንገድ ይጠየቅ። ያላገቡትማ ሳይጋቡ በፊት ይነጋገሩበት፤ ካርታውን በግድግዳ ላይ የሰቀለ ወጣት ለእጮኛው ያሳያት።

በክፍላችን ይህን ባቀረብኩ ጊዜ «እንዲህ ከሆነ የሚሄደው ሰው ያንሳል፣ ሥራውም ይዘገያል» የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ሊያንስ ይችላል፤ ሊዘገይም ይችላል። ኬሪ ግን መዘገየትን የማያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ አናጢ በገዛ ፈቃዱ «አምኛለሁ» እስኪል ድረስ በቤንጋል ሰባት ዓመት ጠብቋል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ማንንም አስፈራርቶ ወደ ወንዙ አላወረደም። ለዶሮቲ የተሰጣት ጊዜ አንድ ጠዋት ነበር።